ነጭ መስመር ያለው ገብስ

የበደለኝ ያስተማርኩት ልጅ ነው። የበደለኝም ገብሴ አበባ ላይ እንዳለ፣ በመስቀል ሰሞን ነው። ስሙን አልጽፍም። ላከብረው ብዬ አይደለም፤ ስሙ በየቦታው ሲነሳለት የሚወድ ሰው ስለሆነ ነው። ሁለተኛ በዳይም አለች። እሷን በቦታዋ አመጣታለሁ።

ጡረታ የወጣሁ የባዮሎጂ መምህርት ነኝ። ላሊበላ ውስጥ ጠመኔ ይዤ ነው ያረጀሁት። ባል ነበረኝ፤ ስለ እሱ እዚህ አልጽፍም፤ የያዝኩት ጉዳይ የገብስ ነው። ከከተማው በላይ፣ ወደ አሸተን ማርያም በሚያወጣው መንገድ፣ ከእናቴ የወረስኩት ማሳ አለኝ። ሰፊ አይደለም። በእናቴም ጊዜ፣ በእናቷም ጊዜ ጥቁር ገብስ ብቻ ይዘራበት ነበር። አገዳው አጭር ነው፤ ብርድ አይፈራም፤ በሶው ደግሞ የቀመሰ ሰው ሌላ በሶ አያስመኘውም። በሬ ስለሌለኝ ማሳውን የሚያርስልኝ አጎራባቼ ነው፤ እሱ ያርሳል፣ እኔ ገለባውን እሰጠዋለሁ። እንዲህ ሆነን ብዙ ዘመን ኖረናል።

የእናቴ ገብስ አንድ እንከን ነበረበት። በየዓመቱ ከመሃሉ ጥቂት አገዳ፣ ቅጠሉ ላይ ከሥር እስከ ጫፍ ነጭ መስመር ይዞ ይበቅላል፤ በአረንጓዴ ጨርቅ ላይ ነጭ ክር የሰፉበት ይመስላል። ከዚያ አገዳ ዛላ ዘር የወሰደ ሰው በሚቀጥለው ክረምት ወረቀት የመሰለ ነጭ ቡቃያ ይወጣበታል። ነጩ ቡቃያ በፍሬው ውስጥ የነበረውን ስንቅ በልቶ ሲጨርስ ይሞታል፤ ምግብ መሥሪያ የለውማ። እናቴ ባለ መስመሩን አገዳ እየፈለገች ነቅላ ለጥጃ ትሰጠው ነበር። ስለ ምክንያቱ ብጠይቃት “ዝም ብለሽ ንቀይ” ትለኝ ነበር።

ምክንያቱን ያገኘሁት ለዲግሪ በየክረምቱ ዩኒቨርሲቲ ስመላለስ ነው። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ለተማሪዎቼ አስተማርኩት። ላስረዳ፤ ይህ ካልገባ በደሉም አይገባም።

ቅጠል አረንጓዴ የሚሆነው በህዋሱ ውስጥ ባሉ ጥቃቅን አካላት ነው፤ ክሎሮፕላስት እንላቸዋለን። አስኳሉ ውስጥ አይደሉም። ከአስኳሉ ውጭ ተበትነው ይኖራሉ፤ ራሳቸው ተከፍለው ይባዛሉ፤ የታመመው የታመመ ይወልዳል። እንግዲህ ጥያቄው እነዚህ አካላት ወደ ልጁ በማን በኩል ይሄዳሉ የሚለው ነው። በእናትየው እንቁላል ውስጥ ሞልተዋል። በአባትየው በኩል ግን፣ የአበባው ብናኝ ሲሠራ፣ አንድ ነገር ይሆናል። መጀመሪያ አንዲት እናት ህዋስ ሁለት ጊዜ ተከፍላ አራት ትወጣለች። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ድርሻውን ያገኛል። ቀጥሎ ከአራቱ እያንዳንዷ እንደገና ስትከፈል ግድግዳው መሃል ላይ አይቆምም፤ ጥግ ይዞ ይቆማል። አንዱ ወገን ሰፊ ቤት ይሆናል፣ ሌላው ጠባብ ጓዳ። ሰፊው መንገድ ይመራል፤ አባት የሚሆነው ግን ከጠባቧ ጓዳ የሚወጣው ነው። በብዙ አበቦች ክሎሮፕላስት የሚሆኑት ሁሉ በሰፊው ቤት ይቀራሉ፤ ጓዳዋ ባዶዋን ነው የምትወጣ። በአንዳንዱ ጥቂት ይዛ ትወጣና መንገድ ላይ ይፈርሱባታል። በገብስና በስንዴ ደግሞ ጥቂቶቹ እስከ እንቁላሏ ደጅ ድረስ ይዘልቃሉ፤ ስትከፈት ግን የሚገባው አስኳሉ ነው። የቀረው ደጅ ላይ ይራገፋል።

ይህን ባስተማርኩበት በአንዱ ዓመት፣ በዳዬ ከፊት ወንበር ተቀምጦ ነበር። ያኔ ከትምህርት በኋላ ከቤተ ክርስቲያኖቹ ደጅ የቱሪስት ጫማ ይጠብቅ ነበር። እጁን አወጣ።

“ቲቸር፣ ጫማውን ደጅ አውልቆ ነው የሚገባው ማለት ነው?”

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። “አዎ” አልኩት፤ “ልክ እንደሱ።”

“ጫማውንስ ማን ይወስደዋል?” አለ ከኋላ አንዱ።

“እኔ እጠብቀዋለሁ፤ ጉርሻ ካለው!” አለ በዳዬ ዞር ብሎ።

ያንን ምሳሌ እሱ ከወጣ በኋላም በየዓመቱ ስጠቀምበት ኖሬያለሁ። ጎበዝ ነበር፤ ጎበዝ አልነበረም ብዬ አልዋሽም። ጎበዝነቱ ነው የሚያናድደኝ። ደደብ ቢሆን ኖሮ ይቅር እለው ነበር።

መስማት ብቻ አይደለም፤ በእጁ ሠርቶታል። በትምህርት ቤቱ ጓሮ፣ ከውኃ ጋኑ ሥር፣ የእናቴን ገብስ ዘርተን አዳቅለናል። የእሾህ ማውጫ ወረንጦዬን ይዞ፣ አበባው ገና ሳይፈካ ወንዴዎቹን አንድ በአንድ የለቀመው እሱ ነው። የሌሎቹ ልጆች እጅ ይንቀጠቀጥ ስለነበር ሥራውን ለእሱ ሰጠሁት። በወረቀት ከረጢት ሸፈንን። ብናኙን ከባለ መስመሩ ወስደን በጤነኛዋ ላይ ስናደርግ ልጆቿ ሁሉ አረንጓዴ ሆነው በቀሉ። ከጤነኛው ወስደን በባለ መስመሯ ላይ ስናደርግ ነጩም፣ ባለ መስመሩም፣ አረንጓዴውም ተቀላቅሎ ወጣ። ተንበርክኮ ቡቃያውን አየና “በአባት አይመጣም” አለ። ይህን ያለው በራሱ አፍ ነው።

ከዚያ ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ ተመረቀ፤ የሰብል ባለሙያ ሆኖ ወደ አገሩ ተመለሰ። ሞተር ሳይክል ይዞ ቤቴ ድረስ መጥቶ ጉልበቴን ስሟል። ደስ ብሎኝ ነበር። ይህንንም አልደብቅም።

ደስታዬ ያበቃው ኩታ ገጠም የሚሉት ነገር ወደ እኛ ተራራ ሲመጣ ነው። የአጎራባቾቹ ማሳ ድንበሩ ሳይለይ አንድ ዓይነት ዘር፣ በአንድ ቀን፣ በአንድ ዓይነት መስመር ይዘራል። ለሌላው ይበጀው ይሆናል፤ አልተቃወምኩም። የኔ ማሳ ግን ከመሃላቸው ነው። ያ ተማሪዬ መጥቶ ደጄን አንኳኳ።

“ቲቸር፣ እርስዎ ከገቡ ሁሉም ይገባል።”

“እኔ ካልገባሁስ?”

“መሃል ላይ ጥቁር ሆኖ ይታያል።”

“ጥቁር ነዋ፤ ጥቁር ገብስ ነው።”

ሳቀ። የያኔ ሳቁ የተማሪ ሳቅ ነበር። “የእናትዎን ዘር በጎተራ ያስቀምጡት፤ ማን ነካው?” አለኝ።

በጎተራ የሚቀመጥ ዘር አልነበረኝም። በዚያ ክፉ ዓመት፣ ጥይት እየጮኸ ከተማውን ጥለን በሸሸን ጊዜ፣ ቤቴ የገባ ሰው ጎተራዬን እስከ ታች ጠርጎታል። የተረፈኝ ግድግዳ ላይ በተሰቀለ አሮጌ ቅል ውስጥ የነበረው ብቻ ነው፤ ማን ቅል ውስጥ ያያል። ያንን ጓሮ ዘርቼ፣ አጭጄ፣ መልሼ ዘርቼ ነው እንደገና ማሳ የሚሸፍን ያደረስኩት። አሁን የማወራው ዓመት ሲመጣ ያለኝን ሁሉ ዘራሁ። እፍኝ አላስቀረሁም። ያ ማሳ ሳይደርስ ከጠፋ የእናቴ ገብስ ከምድር ጠፋ ማለት ነው። ይህንን ነግሬዋለሁ። “ገባኝ ቲቸር” ብሎኛል።

አሁን ሁለተኛዋን ላምጣት። የአራሼ ሚስት ናት። በእኛ አገር ሴቶች ከዘር በፊት ዘር ይለዋወጣሉ፤ አንድ ቁና ሰጥተሽ አንድ ቁና ትቀበያለሽ። ዘር ከቤት ቤት ካልዞረ ይደክማል ይባላል። ኩታ ገጠም ውስጥ ግን መለዋወጥ ተከልክሎ ነበር፤ ሌላ ዘር የቀላቀለ ከማኅበሩ ይወጣል፣ ማዳበሪያም አያገኝም ተብሏል። ሰኔ ላይ፣ ማለዳ፣ ነጠላዋ ሥር ቁና ሸሽጋ መጣች።

“እትየ፣ ያንን ጥቁሩን ትንሽ ይስጡኝ። የነሱ ዘር በሶው እንደ አፈር ነው።”

“ባልሽስ?”

“እሱ መዝራት እንጂ ዘር ማየት መቼ ያውቃል! ከታች አደርግለታለሁ፤ መጨረሻ ዳር ዳሩን ሲዘራ ሳያውቅ ይዘራዋል።”

ሳቅንበት። ገና አልዘራሁም ነበርና ትንሽ ቆንጥሬ ሰጠኋት። ዘር የምታዘጋጅ ሴት፣ የሚዘራ ወንድ ነውና የቋጠረችለትን ዘራ። ክፉው ዓመት ካለፈ ወዲህ ዘሬ ትንሽ ስለነበረ ባለ መስመሩን አገዳ እንደ እናቴ ጨክኖ መንቀል አልተቻለኝም፤ ጥቂት ባለ መስመር በተዘራበት ሁሉ እንደሚወጣ አውቅ ነበር። ለእሷም ነግሬያታለሁ፤ “ነጭ ክር ያለበትን ንቀይ” ብያታለሁ። አልነቀለችም።

መስከረም ላይ በአራሼ ማሳ ዳር ነጭ መስመር ታየ። በጥቂት ቀን ውስጥ አገሩ ሁሉ ስለሱ ያወራ ጀመር። በሽታ ነው አለ አንዱ፤ ቡዳ ነው አለ ሌላው። ባለሙያው መጣና አንድ ቅጠል ቀጥፎ ሄደ። በሚቀጥለው እሑድ ሰንበቴ ላይ፣ ጠላው ተቀድቶ ሰው ሁሉ እንደተቀመጠ፣ ያንን ቅጠል ከኪሱ አወጣና ከፍ አድርጎ ያዘው።

“ይህ በንፋስ የመጣ ነው” አለ። “የአበባ ብናኝ በዓይን አይታይም። ከአንዱ ማሳ ተነስቶ የሌላውን ዘር ያበላሻል። መሃል ላይ ያለው ማሳ አብቦ ሳይጨርስ ካልተነሳ በሚቀጥለው ዓመት የሁላችሁም ገብስ ነጭ ሆኖ ይሞታል።”

የኔን ስም አልጠራም። “መሃል ላይ ያለው ማሳ” አለ፤ ሁሉም ወደ እኔ ዞረ።

ተነሳሁ። “የበቀለ ቅጠል የዘንድሮ ብናኝ አያነጣውም” አልኩ። “ይህ ተክል ነጭ መስመር ይዞ የወጣው ሲዘራ ከነበረው ዘር ነው። ደግሞም ገብስ አብዛኛውን ጊዜ ገና ከልባሱ ሳይወጣ ራሱን በራሱ ነው የሚያዳቅለው። ንፋስ ቢያመጣው እንኳ በብናኝ የሚሄደው አስኳሉ ብቻ ነው። አረንጓዴውንም ነጩንም የምትሰጥ እናት ናት። በዚህ ነገር አባት የሚሰጠው የለም።”

ከዚያ አንዱ ሽማግሌ ዋንጫቸውን አስቀምጠው “እና የአባት ሥራው ምንድን ነው?” አሉ።

“ስም ማውጣት!” አለ ከወዲያ አንዱ።

ሴቶቹ ከወንዶቹ ይልቅ ሳቁ። ያ ሳቅ ነው የጎዳኝ። የወንዶቹ ፊት ሲለወጥ አየሁት። ባለሙያውም አየው፤ ጎበዝ ነው ብያለሁ።

“ቲቸርን እናከብራለን” አለ። “ግን የሚሉት ለሁሉም አበባ አይሠራም። በአንዳንድ ተክል ላይ በአባት ብናኝም ያልፋል። ተረጋግጧል።”

ይህ እውነት ነው። በረንዳ ላይ የሚተከሉ አበቦች አሉ፣ በሁለቱም ወገን የሚወርሱ። በእውነት ነው የዋሸው። “ገብስ ላይ አይደለም” አልኩት። “ገብሱን አንተው በእጅህ ነው ያዳቀልከው። ወረንጦ ይዘህ። በአባት አይመጣም ያልከው አንተ ነህ።”

“የልጅነት ትምህርት ነው ቲቸር” አለና ፈገግ ብሎ ወደ ሰዉ ዞረ። “እርስዎ በአባት ላይ ያለዎት ቅሬታ ከገብሱ የቆየ ሳይሆን አይቀርም።”

ሳቁ አሁን የወንዶቹ ሆነ። የባሌን ታሪክ የማያውቅ ሰው እዚያ አልነበረም።

አንድ ነገር ብቻ ቀርቶኝ ነበር። ዘሩ እንዴት እዚያ ማሳ እንደገባ መናገር። ሴትየዋን አየኋት። ከሴቶቹ መሃል፣ ከምሰሶው አጠገብ ነበረች። ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ሳበች። ጠበቅኋት። አንድ ቃል፤ “እኔ ነኝ የቀላቀልኩት” ብትል ያልቃል። አላለችም። “ይህ ከዘር ነው” አልኩ እንደገና፤ “ዘሩ ራሱ ነው የተዘራው።” ባሏ ብድግ አለ።

“እኔ ከእርስዎ ጎተራ ሰርቄ ዘራሁ ነው የሚሉት? ሌባ ነው የሚሉኝ? ማሳዎን ያረስኩ ሰው?”

እውነቱን ነበር የተቆጣው፤ ምንም አያውቅም። ብናገር በዚያው ቀን ማታ ምን እንደሚያደርጋት አውቃለሁ፤ ከዚያ በፊትም አይቻለሁ። ከማኅበሩም ይወጣሉ፤ ልጆች አሏት። ተቀመጥኩ። ደግ ሆኜ አይደለም። የምከፍለው የራሴን ብቻ ቢሆን ኖሮ እናገር ነበር፤ የሷን ጥርስ ከፍዬ ገብስ መግዛት ግን አልቻልኩም። እሷ ግን የኔን ገብስ ከፍላ ጥርሷን ገዛች። ሁለታችንም ይህን እያወቅን ከዚያ ሰንበቴ ወጣን።

ባለሙያው ማሳው ይታጨድ አለ። እዚህ ላይ ሰዉ እምቢ አለ። “አበባ ላይ ያለ እህል ላይ ማጭድ አላነሳም” አሉ ያው ሽማግሌ፤ “ግፍ ነው። ሰማይም ያያል።” ሌሎቹም ተከተሏቸው። በእኛ አገር ያልደረሰ እህል የሚያጭድ ሰው የለም፤ በጠላቱም ማሳ ቢሆን። ያን ቀን እፎይ ብዬ ገባሁ። ሞኝ ነኝ። ጥፋት ከሰው እጅ ብቻ የሚመጣ መስሎኝ ነበር።

እሱ ምን እንዳለ በኋላ ነው የሰማሁት። “እሺ፣ አትጨዱ። ከብት ግን ግዝት አያውቅም” ብሏል።

ማክሰኞ ማለዳ ስወጣ ማሳዬ ውስጥ ከብት ነበር። የአራሼ በሬዎች፣ የወንድሙ ላሞች፣ ቀንዱ የተሰበረ አንድ በሬ፣ የማን እንደሆነ የማላውቀው ጥጃ። ገብሱ ተግጦ፣ ተረግጦ፣ ጭቃ ሆኖ ነበር። ከብቶቹን በድንጋይ አስወጣሁ። አንዷ ላም እየሸሸች እንኳ አፏ ላይ ዛላ ነበረ። ከጥጉ የተረፉትን ለቀምኳቸው፤ ገና ወተት ያልያዙ፣ ባዶ ናቸው። ካቡን አየሁት። የፈረሰ ካብ ድንጋዩ ይበታተናል። ይህ ግን በአንድ በኩል ብቻ፣ በበር ያህል ስፋት ተከፍቶ፣ ድንጋዩ ወደ ጎን ተደርድሮ ነበር።

አራሼ ጋቢውን እንደደረበ መጣ። “ከብት ነው እንግዲህ፤ ካቡ ፈርሶ ነው” አለ።

“ድንጋዩን የደረደረውም ከብት ነው?”

ድንጋዩን አላየም። ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አቅጣጫ አየ። “ምን ላድርግ እትየ” አለ። ከዚያ በፊት እትየ ብሎኝ አያውቅም፤ መምህርት ነበር የሚለኝ።

ባለሙያው እኩለ ቀን ላይ በሞተሩ መጣ። ማንም በአካባቢው አልነበረም፤ ስለዚህ ነው እውነቱን የተናገረው።

“ታውቃለህ” አልኩት።

“ቲቸር…”

“ታውቃለህ ወይ?”

“አውቃለሁ። ገብስ ላይ በብናኝ አያልፍም። አውቃለሁ ቲቸር።” የራስ ቁሩን በእጁ ያዞረዋል። “እንግዶች ለመስክ ጉብኝት እየመጡ ነው። ከላይ ከመንገዱ ነው የሚያዩት። ተራራው ሁሉ አንድ ሆኖ መሃሉ ላይ ያ ጥቁር… ‘ይህን እንኳ ማሳመን ያቃተው’ ነው የሚሉኝ። የአንድ ዓመት ነገር ነው ብዬ ነው።”

“ዘር የለኝም ብዬሃለሁ።”

“ከምርምር ጣቢያ አስመጣልዎታለሁ። ጥሩ ጥቁር ገብስ አለ።”

“የማን እናት ገብስ ነው?”

ሽማግሌ ሊልክ እንደሆነ ነገረኝ። ከማሳዬ ውጣ አልኩት። ወጣ። እንግዶቹ በሳምንቱ መጡ፤ ከመንገዱ ቆመው ፎቶ አነሱ፤ አጨበጨቡ። ከቤቴ በር ላይ ሆኜ ሰማሁት።

ሽማግሌዎች በጥቅምት መጡ፤ ከነሱ ጋር አንድ ቄስም ነበሩ። እህል በከብት ሲበላ ካሣ መክፈል ወግ ነው፤ ከአምናው ምርት የአዲሱን ዘር ገብስ በግምት ሊከፍሉኝ አዋጥተው ነበር። ጥሩ ገብስ ነው፤ ነጭ፣ ሙሉ ፍሬ።

“የኔን ስጡኝ” አልኳቸው።

“ገብስ ገብስ ነው፤ መምህርት” አሉ አንዱ።

“ከሆነማ የኔን ለምን ጠላችሁት?”

ቄሱ ጣልቃ ገቡ። “ልጄ፣ ከብት ላይ ቂም አይያዝም። ይቅር በይ።”

“ከብቶቹን ይቅር ብያለሁ አባታችን።”

ተያዩ። ገብሱን ደጄ ላይ አስቀምጠው ሊሄዱ ሲሉ መልሳችሁ ውሰዱት አልኳቸው። አህያው ላይ መልሰው ጫኑት። ያ ሽማግሌ፣ ማጭድ አላነሳም ያሉት፣ ከሁሉም ኋላ ቀርተው “አላጨድኩም” አሉኝ፤ ልክ እንደ ምስክር። “አውቃለሁ” አልኳቸው። “ግን በሬዎ ከነሱ መሃል ነበረ።” አንገታቸውን ደፍተው ሄዱ። ልክ ነበርኩ፤ ቀንዱ የተሰበረውን በሬ ለይቼው ነበር።

ኅዳር ላይ፣ አዝመራ ከተሰበሰበ በኋላ፣ ሴትየዋ መጣች። ማለዳ ነው፤ ነጠላዋ ሥር ዕቃ ይዛለች። በሩን ግማሹን ከፈትኩላት።

“እትየ፣ ጥቁር ጥቁሩን ዛላ ለቅሜ ነው። እሱ ሳያይ፤ ከማሳው ዳር፣ አጫጆቹ ሳይደርሱበት። ባለ መስመሩን ትቼዋለሁ።”

“ያኔ የት ነበርሽ?”

“ይገድለኝ ነበር።”

“አውቃለሁ። ለዚህ ነው ዝም ያልኩት። አንቺስ? እሱ በሌለበት፣ ለሽማግሌዎቹ፣ ለቄሱ፣ አንድ ቃል?”

አለቀሰች። ማልቀሷ አናደደኝ። ማልቀስ የኔ ድርሻ ነበር። ዛላውን ተቀበልኩ። ከኔ ዘር የበቀለ ነው፤ በእናት በኩል ምንም የጎደለው ነገር የለም። ግቢ አላልኳትም። “እግዜር ይስጥሽ”ም አላልኩም። በሩን ዘጋሁት፤ ከበሩ ጀርባ ሆኜ ስትሄድ ኮቴዋን ሰማሁ።

ባለሙያው በዚያው ዓመት ወደ ዞን አደገ ተባለ። እውነት ይሁን ሐሰት አላጣራሁም። ከመሄዱ በፊት ሁለት ጊዜ በሬን አንኳኩቷል። ቤት ነበርኩ።

በሚቀጥለው ሰኔ ዛላዎቹን ፈልፍዬ ጓሮዬ ውስጥ ዘራኋቸው። ባለ መስመር ሆኖ የበቀለውን ሁሉ በእጄ ነቀልኩት። ላይኛውን ማሳ አላረስኩትም፤ አላከራየሁትም፤ ለእኩል አራሽም አልሰጠሁም። አራሼ ገለባ ሊጠይቅ መጣ፤ የለም አልኩት። ማሳው እሾህና ሙጃ ዋጠው። እሾሁ ሲደርቅ ዘሩ እንደ ጥጥ እየተነሳ በዙሪያው ወዳለው ኩታ ገጠም ሁሉ ይሄዳል። የማኅበሩ ሰዎች ወኪል ልከው እንዳስነቅለው ጠየቁኝ። መሬቱ የኔ ነው ብዬ መለስኳቸው። ዘንድሮም አላርሰውም።